የሻፍት ሞተር ሳይክል የኋላ መጋጠሚያ ኩሽኔታ እንዴት ይቀየራል?

«የኋላ ጎማዬ ይነቃነቃል፣ ኩርባ ላይ ሞተሩ ከኋላ የሚዋኝ ይመስለኛል፤ ምኑ ነው?» ይህ ጥያቄ ስንቴ እንደደረሰኝ መቁጠር ትቻለሁ። ሞተሩ ሰንሰለት የሌለው፣ በሻፍት (ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ በሚያደርስ የሚዞር ዘንግ) የሚሄድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ ሁለት ትናንሽ ኩሽኔታዎች ናቸው። ዲፈረንሻሉ (ሻፍቱ ጎማውን የሚያዞርበት የጥርስ ሳጥን) ከኋላ ክንዱ ጋር የሚጋጠመው በእነሱ ላይ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፤ «ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?»

ትችላላችሁ። መሣሪያው ከተሟላ አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል። ግን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ሰው ሁሉ የሚፈራው አሮጌውን ኩሽኔታ ማውጣትና አዲሱን ማስገባት ነው። ሥራው የሚበላሸው ግን እዚያ ላይ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ፣ ዲፈረንሻሉን ከክንዱ ጋር የሚያያይዙት ፒኖች ሲጠብቁ ነው። ስለዚህ 8ኛውን ደረጃ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ቁጥሮቹን የምሰጠው በቢኤምደብሊው አር 1100 እና አር 1150 ላይ ተመሥርቼ ነው። የእናንተ ሞተር ሌላ ከሆነ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ ቁጥሩን ግን ከራሱ የጥገና መጽሐፍ ውሰዱ። በግምት አታጥብቁ።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ይህ ኩሽኔታ ነው?

የጎማ መነቃነቅ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ከመጋጠሚያው ኩሽኔታ፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ጎማውን ከሚሸከመው ትልቁ ኩሽኔታ፣ ወይም ክንዱ ከፊት በኩል ከሞተሩ አካል ጋር ከሚያያዝበት። ያልታመመውን ቀይሮ የታመመውን ትቶ መግጠም የተለመደ ጣጣ ነው።

ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁሙት። አንድ ሰው የጎማውን ላይና ታች ይዞ ይግፋ ይሳብ። እናንተ የአንድ እጃችሁን ጣት ክንዱና ዲፈረንሻሉ የሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ አሳርፉ፤ ግማሹ ጣት ክንዱ ላይ፣ ግማሹ ዲፈረንሻሉ ላይ ይሁን። ሁለቱ እርስ በርስ «ቀጭ» ሲሉ ጣታችሁ ይሰማዋል፤ ዓይን ግን ላያየው ይችላል። እዚያ ምንም ሳይሰማ ጎማው ብቻ ከዲፈረንሻሉ ተለይቶ የሚነቃነቅ ከሆነ ትልቁ ኩሽኔታ ነው፤ ያ ሌላ ሥራ ነው። ጣታችሁን ወደ ክንዱ የፊት ጫፍ ወስዳችሁም ድገሙት።

ለምን ያልቃሉ? እነዚህ ኩሽኔታዎች ሙሉ ዙር አይዞሩም። ሾክ አብሶርበሩ ከፍ ዝቅ ሲል ጥቂት ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ይላሉ እንጂ። ሮለሮቹ (በኩሽኔታው ቀለበቶች መሃል ያሉት ትናንሽ ብረቶች) ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቦታ ይመታሉ፣ ግራሶው ከመሃል ተገፍቶ ይወጣል፣ ቀለበቱ ላይ የመስመር ጠባሳ ይቀራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት አዲስ ኩሽኔታ። ሁለቱንም ነው የምትቀይሩት፤ አንዱ ካለቀ ሌላውም መንገድ ላይ ነው
- 12 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ቡሶላ
- 30 ሚሊ ሜትር ቡሶላ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ (ምክንያቱን 8 ላይ ታያላችሁ)
- ሁለት ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በኒውተን ሜትር የሚለካ ቁልፍ)፦ አንድ ትንሽ፣ 7 ኒውተን ሜትርን በትክክል የሚያነብ፤ አንድ ትልቅ፣ እስከ 200 የሚደርስ
- ሂት ጋን፣ ከተቻለም በርቀት ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር
- የኩሽኔታ የውጪ ቀለበት ማውጫ ፑለር
- ጠንካራው ዓይነት የቡሎን ማጣበቂያ (ለእነዚህ ሞተሮች ሎክታይት 2701)
- ውሃ የሚቋቋም፣ ቁጥር 2 የኩሽኔታ ግራሶ
- ለስፕላይን (ሻፍቱ የሚጋጠምበት ባለጥርስ ክፍል) የሚሆን የሞሊብዲነም ግራሶ
- የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጭ ቀለም ወይም ማርከር
- አዲስ ፋሸታ (ማሰሪያ) መጋጠሚያውን ለሚሸፍነው የላስቲክ ሽፋን፤ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ እሱም ራሱ
- የሙቀት ጓንትና የዓይን መከላከያ

በአንድ ትልቅ ቶርክ ሬንች ሁለቱንም እሠራለሁ አትበሉ። ከ40 የሚጀምር ሬንች 7ን አያውቃትም።

አሠራሩ

1. ሞተሩን አቁማችሁ እሰሩት። በመሃል ማቆሚያ፣ ደረቅና ደልዳላ ወለል ላይ። የፊት ፍሬኑን እጀታ ጨብጣችሁ በገመድ ወይም በላስቲክ እሰሩት። በኋላ ትልቁን ፒን ስትፈቱ ሙሉ ክብደታችሁን ትጥሉበታላችሁ፤ ሞተሩ ከማቆሚያው ተንሸራትቶ ሊወርድ ይችላል።

2. ጎማውን፣ ፍሬኑንና የኤቢኤስ ሴንሰሩን አውጡ። የፍሬኑን ካሊፐር ከነቱቦው በሽቦ ክንዱ ላይ ስቀሉት፤ በቱቦው እንዳይንጠለጠል። ሴንሰሩ ሥር ስስ ሮንዴላ ካለ አብሮት ይቀመጥ። ያቺ ሮንዴላ ናት ሴንሰሩ ከሚያነበው ባለጥርስ ቀለበት የሚኖረውን ርቀት የምትወስነው። ከጠፋች በኋላ የኤቢኤስ መብራት መብራቱን ሲቀጥል ከኩሽኔታው ጋር ማንም አያገናኘውም።

3. የላስቲክ ሽፋኑንና ከሥር ያለውን ማገር ፍቱ። ፋሸታውን ቁረጡ፣ ሽፋኑን ወደ ኋላ ሰብስቡ። ከሥር ዲፈረንሻሉን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያይዘውን ማገር ከዲፈረንሻሉ በኩል ብቻ ፍቱ። ከዚህ በኋላ ዲፈረንሻሉን በሁለቱ ፒኖች ላይ ወደ ታች ማጠፍ ይቻላል፤ ግን አትልቀቁት፣ ከሥሩ ክሪክ ወይም የእንጨት ጉማጅ አድርጉ። ሾክ አብሶርበሩ ክንዱ ላይ ስለሆነ የታሰረው እሱን መንካት አያስፈልግም።

4. ሻፍቱ ላይ ምልክት አድርጉ። አሁኑኑ፣ ምንም ሳይላቀቅ። ሻፍቱ መሃሉ ላይ በስፕላይን የሚገባና የሚወጣ ሁለት ክፍል ነው፤ በሁለቱ ጫፍ ክሮቼራ (ታጥፎ መዞር የሚችል መጋጠሚያ) አለው። ሁለቱ ክሮቼራዎች በአንድ አቅጣጫ መሰለፍ አለባቸው። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር ፍጥነቱ እኩል አይሆንም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሁለተኛው ክሮቼራ በትክክል ሲሰለፍ የመጀመሪያውን መዛነፍ ያጠፋዋል። ሳይሰለፍ ሲቀር መዛነፉ በንዝረት መልክ ይወጣል።

በሚታየው ቦታ ሁሉ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። እኔ መጀመሪያ በሠራሁት ሞተር ላይ «አስታውሰዋለሁ» ብዬ ሳላሰምር ቀረሁ። ከገጠምኩት በኋላ የእግር ማሳረፊያው እግሬን ያደነዝዘኝ ጀመር። ሁሉንም እንደገና ፈታሁት። የስፕላይኑ አንድ ጥርስ መዛነፍ ነበር።

5. ፒኖቹን አሙቃችሁ ፍቱ። በግራ በኩል 30 ቁጥር ዳዶ አለ፤ እሱን መጀመሪያ። ከሱ ውስጥ በ12 ብሩጎላ የሚፈታው የሚስተካከለው ፒን ነው። በቀኝ ያለው ቋሚው ፒን ነው፤ እሱም በ12 ብሩጎላ።

እነዚህ ፒኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በጠንካራ ማጣበቂያ ተጣብቀዋል፤ የገቡበት ክንድ ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ሳታሞቁ በጉልበት ብትፈቱት ፒኑ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል። በሂት ጋን በፒኑ ዙሪያ ያለውን አካል እያዞራችሁ አሙቁ፤ እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የውሃ ጠብታ ጣል አድርጉበት፤ «ጭስ» ብላ ወዲያው ከጠፋች ከ100 አልፏል፣ ተዘጋጁ። የእሳት ነበልባል አትጠቀሙ፤ ቀለሙም፣ የላስቲክ ሽፋኑም፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት መከላከያ ጎሚኒም እዚያው አጠገብ ናቸው።

ፒኑ ትንሽ ዞሮ ከጠበቀ መልሳችሁ አጥብቁት፣ እንደገና አሙቁ፣ እንደገና ፍቱ። የሚንጫጫ ድምፅ ከሰማችሁ አቁሙ፤ ሙቀቱ አልደረሰም ማለት ነው።

6. ዲፈረንሻሉን አውጡ፣ አሮጌውን ኩሽኔታ ንቀሉ። ሁለቱም ፒን ሲወጣ ዲፈረንሻሉ ነጻ ነው፤ ከባድም ነው። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ከተጋደመ ዘይቱ በመተንፈሻው በኩል ወጥቶ የፍሬን ዲስኩን ያጥባል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዘይቱን አስቀድማችሁ አፍስሱት።

የውስጠኛው ቀለበት ከነሮለሩ በእጅ ይወጣል። በጨርቅ ጥረጉትና ብርሃን ላይ አዙሩት። ሰንበር የመሰሉ መስመሮች ካያችሁ ምርመራችሁ ትክክል ነበር። ምንም ጠባሳ ከሌለው ግን ቆም በሉ፤ መነቃነቁ ምናልባት ፒኑ ስለላላ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዴ እዚህ ከደረሳችሁ ኩሽኔታውን መቀየሩ አይከፋም፤ ክንዱ ላይ ያለው የፒኑ ጥርስ መበላት አለመበላቱን ግን በደንብ እዩ።

የውጪው ቀለበት ዲፈረንሻሉ ጆሮ ውስጥ ተጨንቆ ነው የተቀመጠው። ጆሮውን ከ80 እስከ 100 ዲግሪ አሙቁትና በፑለር ሳቡት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ስለሚሰፋ ቀለበቱ ይለቃል። በመሮ እየመታችሁ አታውጡት፤ የመሮው ጫፍ መቀመጫውን ይቦጭራል፣ አዲሱ ቀለበትም በዚያ ቡጭሪያ ላይ ዘሞ ይቀመጣል።

7. አዲሱን አስገቡ። አዲሱ የውጪ ቀለበት ከአንድ ቀን በፊት ፍሪዘር ውስጥ ይግባ፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እርጥበት እንዳይነካው። መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጆሮውን እንደገና ወደ 100 ዲግሪ አሙቁት። ከዚያ ፈጠን በሉ። ቀዝቃዛው ቀለበት ሙቀቱን እየጠጣ ይሰፋል፤ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ሰፊው አፉ ፒኑ ወደሚመጣበት ወደ ውጪ ይይ። ሁሉ ነገር ከተስተካከለ በአውራ ጣት ግፊት ብቻ ቁጭ ይላል።

ካልገባ አሮጌውን ቀለበት እንደ መግፊያ ተጠቀሙበት። ጎኑን ቀድማችሁ ሰንጥቁት፤ ካልሰነጠቃችሁት እሱ ራሱ ገብቶ ይቀረቀራል። በትንሽ መዶሻ ምቱ። ድምፁን አዳምጡ፤ እየገባ ሳለ የታፈነ ነው፣ ወለሉን ሲነካ ጥርት ያለ፣ የሚያቃጭል ይሆናል። እዚያ አቁሙ።

የአንዱን ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ከሌላው የውጪ ቀለበት ጋር አታደባልቁ። አብረው የመጡት አብረው ይግቡ።

ሲቀዘቅዝ ግራሶ። በሮለሮቹ ላይ መቀባት ብቻ አይበቃም። መዳፋችሁ ላይ ግራሶ አድርጉ፣ የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ ወደ ግራሶው ጫኑ፣ በሌላኛው ጫፍ በሮለሮቹ መሃል እስኪወጣ ድረስ። ዙሪያውን ሁሉ። ይህ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ስለማይዞር ግራሶውን ራሱ አያዳርስም፤ እናንተ ያላስገባችሁበት ቦታ ደረቅ እንደሆነ ይኖራል።

የሻፍቱን ስፕላይንም አጽድታችሁ በሞሊብዲነም ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ።

8. ፒኖቹን ግጠሙ። ዋናው ሥራ ይህ ነው።

መጀመሪያ ጥርሶቹን አጽዱ፤ የፒኖቹንም፣ የክንዱንም፣ የዳዶውንም። አሮጌው ማጣበቂያ ደርቆ በጥርሶቹ መሃል እንደ ዱቄት ይቀመጣል። በሽቦ ብሩሽና በፍሬን ማጽጃ አንድ ቅንጣት እንዳይቀር አድርጋችሁ አውጡት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የሚስተካከለው ፒን የሚጠብቀው በ7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል መጫን ማለት ነው፤ በጣም ትንሽ። ጥርሱ ቆሻሻ ከሆነ ያ 7 በሙሉ ቆሻሻውን ለማሸነፍ ይውላል። ሬንቹ «ቀጭ» ይላል፣ ኩሽኔታው ግን ገና አልተነካም። «ቀየርኩት፣ አሁንም ይነቃነቃል» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ታሪካቸው ይኸው ነው። ማጣበቂያ ከማድረጋችሁ በፊት ፒኑን በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው አስገብታችሁ ሞክሩ። በጣት ካልዞረ አልጸዳም።

ዲፈረንሻሉን አንሱ፣ የሻፍቱን ምልክት አገናኙ፣ ስፕላይኑን አስገቡ። ረዳት ይያዝላችሁ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል፦

ሀ. በሁለቱም ፒን ጥርስ ላይ ማጣበቂያ አድርጉ፤ ጥርሱ ላይ ብቻ። ወደ ኩሽኔታው ከፈሰሰ ሮለሮቹን ያጣብቃል።

ለ. ቋሚውን (የቀኙን) ፒን አስገቡና በ160 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ይህ ዲፈረንሻሉ የሚቆምበትን ቦታ ይወስናል፤ ለዚህ ነው የሚቀድመው።

ሐ. የሚስተካከለውን (የግራውን) ፒን በትንሹ ሬንች ወደ 7 ኒውተን ሜትር አምጡት። በዚህ ጊዜ ረዳታችሁ ዲፈረንሻሉን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያድርግ። ሮለሮቹ ቦታቸውን የሚይዙት ሲንቀሳቀሱ ነው። ካንቀሳቀሳችሁ በኋላ ሬንቹን እንደገና አድርጉበት፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይዞራል። በ7 መዞሩን እስኪያቆም ድረስ ድገሙ።

መ. ፒኑና ክንዱ ላይ አንድ መስመር በማርከር አስምሩ። ዳዶውን አስገቡ። አሁን ክፍት ቡሶላው ለምን እንዳስፈለገ ይገባችኋል፤ ዳዶውን በ160 ስታጠብቁ ፒኑ አብሮ መዞር ይፈልጋል። በቡሶላው መሃል ብሩጎላውን አሳልፋችሁ ፒኑን ያዙት፣ ዳዶውን ብቻ አጥብቁ። መስመሩ ከተዛነፈ ፒኑ ዞሯል፣ 7 መሆኑም ቀርቷል። ፍቱት፣ ከ«ሐ» ጀምሩ።

ማጣበቂያው መድረቅ ሳይጀምር ከ«ሀ» እስከ «መ» ያለውን ጨርሱ። መሃል ላይ ስልክ ቢጠራ አታንሱ።

9. የቀረውን መልሱ። የሥሩን ማገር ቡሎን በጣት ብቻ አስገቡና ተዉት፤ ሞተሩ በጎማው ላይ ቆሞ ክብደቱን ሲጥል ነው የሚጠብቀው። ማገሩ ጫፍ ላይ ላስቲክ አለ። ዲፈረንሻሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት ላስቲኩ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

የላስቲክ ሽፋኑን ከንፈር ዙሪያውን በጣት እየዳበሳችሁ መግባቱን አረጋግጡ። የታችኛው በኩል ዓይን የማያየው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ታጥፎ የሚቀረው እሱ ነው። ውሃ የሚገባውም በዚያ ነው። ዘይት አፍስሳችሁ ከነበረ አሁኑኑ ሙሉ፤ ነገ የምትሉት ነገር አይደለም። ከመንዳታችሁ በፊት የፍሬኑን ፔዳል እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ።

ተጠንቀቁ

- የሞቀ አሉሚኒየም ከቀዝቃዛው አይለይም። ጓንት ሳታደርጉ አትንኩ።
- የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ተቀጣጣይ ነው። ረጭታችሁ ወዲያው ሂት ጋን አታብሩ፤ ተኖ ይለቅ።
- ማጣበቂያው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሞተሩን አትንዱ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

«ትንሽ ላጥብቀው፣ እንዳይላላ» ብሎ ከ7 ማለፍ። የደግነት ይመስላል፣ ግን ኩሽኔታውን የሚገድለው ይህ ነው። ከልክ በላይ የተጨነቀ ሮለር ቀለበቱን ወዲያው መቦርቦር ይጀምራል። ካጠበቃችሁ በኋላ ዲፈረንሻሉ፣ ማገሩ ሳይታሰር፣ ያለ መንቀጥቀጥ በለስላሳ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። በእጅ ስታንቀሳቅሱት አንድ ቦታ ላይ «እክ» የሚል ከሆነ ወይ ጠብቋል ወይ ቀለበቱ ዘሞ ተቀምጧል።

ኩሽኔታውን ሳይቀይሩ ያለቀውን ማጥበቅ። መነቃነቁ ለጥቂት ቀን ይጠፋል። ከዚያ ሮለሩ ከቆየበት ጠባሳ ውጪ ሲሄድ ይጠብቃል፣ ጠባሳው ላይ ሲመለስ ይላላል። መሪው ቀጥ ብሎ አልሄድ ይላችኋል።

ማጣበቂያ አለማድረግ፣ «160 ይበቃዋል» በሚል። ፒኑ በየጉድጓዱ ግፊቱ ይቀያየርበታል፤ እንዲህ ያለው ነገር ነው ቡሎን የሚፈታው።

ከገጠሙ በኋላ አለማየት። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ያንኑ የጣት ፍተሻ ድገሙት። የማርከር መስመሩን አላጠፋችሁትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ መስመሩ ገጥሞ እንዳለ ከሆነ ምንም አትንኩ።